የእግር ውሃ ዋጋ

እርጥብ የበግ ጠጉር ሲሸተኝ እግሬ አርፎ አይቀመጥም። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲያባራ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ሆቴል ብርድ ልብሶቹን አጥቦ አጥሩ ላይ አሰጣቸው። ከዚያ ሁሉ የፋብሪካ ብርድ ልብስ መሃል አንድ ጥቁር ባና ነበር፤ ደጋ ላይ ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራው፣ የሚከብደው፣ አንገት የሚኮሰኩሰው እውነተኛው ባና። ፀሐይ ስታገኘው ሽታው መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ግማሹ በረት፣ ግማሹ ጭስ የሆነ ሽታ ነው። አንድ ደንበኛ የእንጨት መስቀል እያገላበጠ ዋጋ ይጠይቀኛል፤ እኔ ተነስቼ ቆሜያለሁ፤ ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም። ሰውየው የናቅሁት መስሎት ተቀይሞ ወጣ።

ከጀመርኩት አይቀር ልንገርህ።

ያኔ ሃያ ዓመቴን ገና አልደፈንኩም። ላሊበላ የተወለደ ወንድ ሁሉ በዚያ ዕድሜው አስጎብኚ መሆን ያምረዋል፤ እኔንም አምሮኝ ተፈተንኩና ወደቅሁ። እንግሊዝኛው አልጠፋኝም። አብያተ ክርስቲያናቱን ንጉሡ በቀን፣ መላእክት በሌሊት ፈለፈሏቸው የሚለውን፣ የአገሩ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን ታሪክ፣ ከድንጋጤዬ የተነሳ ገልብጬ መላእክቱን በጠራራ ፀሐይ አሰማራኋቸውና ንጉሡን ሌሊቱን ሙሉ አሠራሁት። ፈታኞቹ ሳቁ፤ በማግስቱ ከተማው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ማየት ሆነ። ወደ ጋሸና የሚወጣ መኪና ባየሁ ቁጥር እግሬ ሁለት ሦስት እርምጃ ይከተለዋል። ተኝቼ እንኳ እግሬ ልብሱን እየራገጠ እናቴን ይቀሰቅሳት ነበር።

በዚያው መኸር የአጎቴ ልጅ ባሏን ጥላ መጣች። አንድ ላይ ነው ያደግነው፤ የእኛንና የአጎቴን ግቢ የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ከኩልመስክ ወዲያ ለሚኖር ገበሬ ተድራ ሄደች፤ ጥቂት ዓመት ቆይታ አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ ተመለሰች። ባሏ ሲጠጣ እጁ አያርፍም ነበር። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ለዚህ ነገር የሚያውቀው መላ አንድ ብቻ ነው። ሴት ልጅ ኮርፋ ትመጣለች፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ታርቃ ትመለሳለች። ጥምቀት ሲያልፍ ሽማግሌ እንዲቀመጥ ከባልየው ወገን ጋር ቃል ተለዋውጦ ጨርሷል።

«ሥራ ፈትቼ ካገኙኝ እንደ በግ ነድተው ይመልሱኛል» አለችኝ አንድ ቀን አጥሩ ጥግ ቆማ። «የራሴ በር ካለኝ ግን ማን ይጎትተኛል? በምን አፉ?»

በሩ የት እንደሚሆንም መርጣለች። ጋሸና፣ መንገዱ ወደ እኛ የሚታጠፍበት። ሹፌር ሁሉ እዚያ ይቆማል፣ ይበላል፣ ጎማ ያስነፋል፣ ሳሙናና ባትሪ ይገዛል። ወደ መንገዱ የሚከፈት አንዲት ክፍል ተከራይታ ሱቅ ልትከፍት ነው። እኔም አብሬያት ልሄድ ነው። ምን እንደምሠራ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላሰብኩበትም፤ መሄዱ ብቻ ይበቃኝ ነበር። የጎደለን መነሻ ገንዘብ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ።

መላውን ያመጣችው እሷ ናት። በገና ላሊበላ ምን እንደምትሆን ታውቃለህ። ሰው ከየአገሩ ይጎርፋል፤ ግማሹ በእግሩ ስንት ተራራ አቆራርጦ ይመጣል፤ የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ሜዳ ላይ ያደረን ሰው አጥንት ይቆረጥማል። «ባና ኩልመስክ ላይ ርካሽ ነው፤ እዚህ ላይ ውድ ይሆናል» አለች። ከዚህ የበለጠ የንግድ ትምህርት ከዚያ ወዲህም አልተማርኩም። እሷ የብር አልቦዋን ሸጠች፤ እኔ ስልኬን ሸጥኩ። እናቴ ስለ ስልኩ ስትጠይቀኝ ወንዝ ገባብኝ አልኳት፤ ወንዙ በዚያ ወር ደርቆ እንደነበር ትዝ ያለኝ ካልኩ በኋላ ነው።

የኩልመስክ ገበያ ጠዋት ነጭ በነጭ ነበር፤ ውርጩ ከሣሩ አልለቀቀም። የሰው ትንፋሽና የበጎቹ ትንፋሽ አንድ ላይ ይጨሳል። እሷ የባሏ ዘመዶች እንዳያዩዋት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች፤ አንድ ሰው ከኋላ በጮኸ ቁጥር በእኔ ትከለላለች። ባናው ፊት ስትደርስ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ጫፉን በሁለት ጣት ታሻለች፣ ታሸታለች፣ ዘርግታ ወደ ፀሐይ ታነሳዋለች። ብርሃን ካሳለፈ ብርድም ያሳልፋል ትል ነበር። አንድ ሻጭ ታዝቧት «ምነው ልጄ፣ ልትገዥ ነው ወይስ ልታገቢው?» አላት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ከነጠላዋ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ዋጋ ግን አንዲት አልጨመረችም።

ስንመለስ አይሱዙ ላይ ባናው ክምር ላይ ተቀምጠን ነበር። መኪናው በየጉብታው ባነጠረን ቁጥር ሽታው ከሥራችን ይነሳል። እኔ ዘፈን ቢጤ እያንጎራጎርኩ ስለ ጋሸና አወራለሁ። እሷ ወደ ኋላ፣ ወደ ኩልመስክ ነበር የምታየው።

«ባና መለየቱን ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«አማቴ። ጠጉር ማጠቡን፣ መንደፉን፣ መፍተሉን፣ ሁሉን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው» አለች። ቀጥላም «ልጃቸው ጠጥቶ የሚመጣ ቀን፣ እኔ ያለሁበት በር ላይ የሚተኙት እሳቸው ነበሩ። ረግጧቸው እንዳይገባ። ከዚያ ቤት እሳቸው ብቻ ናቸው የሚቆጩኝ» አለችኝ።

እኔ ማንጎራጎሬን ትቼ ወደ መንገዱ ዞርኩ።

ላሊበላ ገብተን ባናውን መንገድ ዳር ዘረጋን። ያን ጊዜ ነው ሞኝነታችን የገባን። ከኩልመስክ ወይም ከዚያ ማዶ ቀናት በእግሩ የተጓዘ ሰው፣ ጀርባው ላይ ስንቁን ተሸክሞ የመጣ ሰው፣ ባና ገዝቶ ያንን ሁሉ ክብደት መልሶ አቀበት ያወጣዋል? ይዳስሱታል፣ ያደንቁታል፣ «እግዜር ያስለብሳችሁ» ይሉናል፣ ያልፋሉ። በአውቶብስ የመጡት ደግሞ የራሳቸውን ብርድ ልብስ ይዘዋል። አንድ ባለ ሆቴል መጥቶ እንደ ሞተ በግ በእግሩ ገፋ አደረገውና በገዛንበት ግማሽ ዋጋ ልውሰድላችሁ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው አልኩ በሆዴ። ስልኬ ታየኝ።

እሷ ግን ተስፋ አትቆርጥም። ሌሊቱን ስታሰላ አድራ ጠዋት መጣች። «ባናውን ማን ይሸጣል? አዳሩን እንሸጣለን» አለች። ከአንድ ገበሬ አንድ ጭነት ገለባ ገዛን። የእናቴን ግቢ ጠርገን ገለባውን ጎዘጎዝን፣ በሸራ ከለልን፣ ባናውን በየመኝታው አደላደልን። ገለባና ባና፣ ጠዋት ደግሞ አንድ ኩባያ ትኩስ ሻይ፣ ይሄ ሁሉ በሁለት ሻይ ዋጋ። ሆቴሉ ለአንድ አልጋ የሚጠይቀውን ለሚያውቅ ሰው ምጽዋት ነው። ደረቷን ነፍታ በሩ ላይ ቆመች፤ እኔ ከመንገድ ሰው እጠራለሁ። ያን ዕለት ጋሸና በእጃችን የገባች መስሎኝ ነበር።

እናቴን ረስተናት ነው።

በእኛ አገር የገና መንገደኛ ደጅህን ከረገጠ እግሩን ታጥበዋለህ። ለብ ያለ ውሃ ታመጣለህ፣ ዝቅ ብለህ አቧራውን ታጥባለህ፣ አድርቀህ ትስመዋለህ። የቅዱሱን ደጅ ሊሳለም የመጣ እግር ነውና በረከቱ ላጣቢው ነው ይባላል። እግሩን ያጠብከውን ሰው ደግሞ ሒሳብ አትጠይቀውም። የትም አልተጻፈም፤ ግን እግር ስመህ ቀና ካልክ በኋላ «ይክፈሉ» ለማለት አፍ አይታዘዝም። እንግዲህ እኔ ሰው ጠርቼ ሳስገባ እናቴ ሳፋዋን ይዛ በሩ ላይ ትጠብቃለች።

«እትዬ፣ ሊከፍል የነበረውን ሰው እኮ ነው ያጠቡብኝ!» ትላለች የአጎቴ ልጅ፣ ልታለቅስ ደርሳ።

«ታዲያ ሳይታጠብ ይግባ?» ትላለች እናቴ እጇን ከውሃው ሳታወጣ። «እናቴ ስታጥብ ኖራ፣ እኔ ላይ ይቅር?»

ከእናቴ ቀድማ ብሩን ለመቀበል ሞከረች፤ እናቴ ከዕድሜዋ የማይጠበቅ ፍጥነት አሳየችን። ሲወጡ ይከፍላሉ ብላ ተስፋ አደረገች፤ ሲወጡ መረቋት። «ንግድሽ ይለምልም፣ የያዝሽው ይባረክ» እያሉ አንድ በአንድ እጃቸውን አናቷ ላይ ጫኑ። ንግዷን ባዶ አድርገው ንግዷን ይመርቁላታል! ምርቃት የሚሸጥ ቢሆን ያን ዓመት ጋሸና ላይ ፎቅ በሠራን ነበር። እኔ መሳቅ ጀመርኩ፤ እሷ ግን ለጥምቀት የቀረውን ቀን እየቆጠረች ስለነበር አልሳቀችም። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ የሚያገኟት ያለ አልቦ፣ ያለ ገንዘብ፣ ያለ በር ነው። ባናዎቹን ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች፣ እንደገና ታጥፋለች። እሷን ማየት እኔንም ያቁነጠንጠኝ ነበር።

በዓሉ ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከኩልመስክ ወዲያ፣ ከግዳን ወገን ብዙ ሰው መጣ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስለሄደች የአጎቴ ልጅ ደስ ብሏት በሩ ላይ ቆማ ዋጋውን አስቀድማ እየተናገረች ታስገባ ነበር፤ አንድ ሁለት ሰውም ተስማምቷል። ከኋላ በትር የተመረኮዙ አንዲት አሮጊት እያነከሱ መጡ። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የፕላስቲክ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሯል። ቀና ሲሉ ከአጎቴ ልጅ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አላወቅኋቸውም ነበር፤ የእሷን ፊት አይቼ ግን አማቷ መሆናቸው ገባኝ።

የአማቷን እግር ማጠብ ሌላ ትርጉም አለው። ምራት ከአማቶቿ ቤት ማታ ማታ የምትሠራው ሥራ ነው፤ በዚያ ቤት ምራት መሆኗ የሚታወቀው በእሱ ነው። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ። እሷ ግን ሄዳ የእናቴን ሳፋ አመጣች። «ውሃ አፍስስልኝ» አለችኝ።

«ተይ» አሉ አማቷ፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርገው። «አንች ተይው። ሌላ ሰው ያጥበኛል።»

«መንገደኛ ሁሉ ይታጠባል» አለች። «አንቱ ለምን ይቀራሉ?»

አጠበቻቸው። ውሃውን እኔ አፈሰስኩ። ቀስ ብላ የተረከዙን ስንጥቅ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች፣ ጭቃውን ከየጣቱ መሃል እያወጣች አጠበችና በነጠላዋ አድርቃ ሳመችው። አማቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እኔም ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

አጎቴ ለካ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያይ ኖሯል።

«ተመስገን!» ብሎ ጮኸ። «አማቷን በገዛ እጇ አጠበች! እኔ ምን አልኳችሁ? ልቧ እዚያው ነው!»

«አባባ፣ እግር ነው ያጠብኩት። መቼ ታረቅሁ አልኩ?» አለች እሷ ሳፋውን እንደያዘች።

«አፍሽ ያላለውን እጅሽ ብሎታል» አለና ሄደ። እስኪመሽ ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ሴቶች እየመጡ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይሏታል፤ አልታረቅሁም ብትል ዓይን አፋርነት ይመስላቸዋል። ጥምቀት የሚጠበቅበት ምክንያት የለም ተባለ፤ ሽማግሌዎቹ በዓሉ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እዚሁ ግቢ ተቀምጠው መርቀው ከአማቷ ጋር ሊሸኟት ሆነ። ንግዳችንም ማምለጫችንም የተበላሸው በአንድ ሳፋ ውሃ ነው።

የእነዚያን ቀናት ጭንቀት ልነግርህ አልችልም። «ጋሸና ልሂድ፣ ባዶ እጄንም ቢሆን» አለችኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት፤ ከልቤ ነበር። ግን በዚያ ሰሞን ከላሊበላ የሚወጣ መኪና የለም፤ ሁሉ የሚገባ ነው። አማቷ ከሰው ጋር ይወጣሉ፣ ይገባሉ፣ አንድም ነገር አይናገሩም። ዝምታቸውን ጠላሁት። ደስ ብሏቸዋል ማለት ነው አልኩ፤ የማን እናት ምራቷ ስትመለስላት ይከፋታል? አንድ ቀን ብቻ፣ እሷ ባናውን ስታጣጥፍ አጠገቧ ቆሙና ጫፉን በሁለት ጣት አሹት።

«የመስከረም ሸልት ነው» አሉ። «ስንት ገዛሽው?»

ነገረቻቸው።

«አልተሞኘሽም» አሉና አለፉ።

የገና ዕለት ጠዋት ቤዛ ኩሉ ሲባል ሁላችንም ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነበርን። ካህናቱ ገሚሶቹ ከላይ ከገደሉ አፋፍ፣ ገሚሶቹ ከታች ከግቢው ዝማሬውን ሲቀባበሉ፣ ከበሮው ከድንጋዩ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ፀሐይዋ ስትወጣ ዓይን ያጭበረብራል። እሷ አጠገቤ ናት፤ ወደ ካህናቱ አላየችም። ጥፍሯን ትነክስ ነበር።

ስንመለስ ሁለት ሽማግሌዎች ከአጎቴ ጋር ወይራው ሥር ተቀምጠዋል። መንገደኞቹ ዕቃቸውን ለመሸከፍ እየገቡ ግቢው ሞላ። እናቴ ጾሙ ተፈቷልና ለሽማግሌዎቹ የሚቀመስ ነገር ታቀርባለች። የአጎቴ ልጅ የባናው ክምር አጠገብ ቆመች፤ ሌላ የምትቆምበት ቦታ ያልነበራት ይመስል። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ልጄ፣ እግዜር በተወለደበት ቀን…» ብለው ሲጀምሩ አማቷ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በትራቸውን ይዘው መጡ። በሽማግሌዎቹ ፊት አልፈው ሄደው እሷ ፊት ቆሙ።

«የአዳሩ ስንት ነው?» አሏት። ድምፃቸው ጎላ ያለ ነበር።

«አንቱማ ምን…»

«ስንት ነው አልኩሽ። ለሰው ሁሉ ስንት ነው የምትይው?»

ዋጋውን በለሆሳስ ተናገረች። አሮጊቷ መቀነታቸውን ፈትተው የተቋጠረ ብር አወጡ። ላደሩበት ሌሊት ሁሉ ከፈሉ። ከዚያ ሌላ ብር አወጡና እላዩ ላይ ጨመሩ።

«ይሄ ደግሞ የእግር ውሃው» አሉ።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና «ኧረ በላሊበላ! የእግር ውሃ ይሸጣል?» አለች።

«ከዘመድ አይወሰድም፤ ልክ ነሽ» አሉ አማቷ ወደ እናቴ ዞረው። «ከባዕድ ግን፣ ራሱ ልክፈል ካለ፣ ይወሰዳል። ይችን ልጅ የትም አላውቃት፤ ደጇ ላይ ወደቅሁ፣ አጠበችኝ፣ ከፈልኳት። ተቀበይ ልጄ።» ብሩን በእጇ መዳፍ ውስጥ ጨምረው ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉላት።

አጎቴ ሊናገር ተነሳ፤ አንደኛው ሽማግሌ ግን ቀደሙት። ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሱና «የልጁ እናት ባዕድ ነኝ ካሉ እኛ ማንን ልናስታርቅ ነው?» ብለው ጓደኛቸውን ይዘው ወጡ። ከግዳን የመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ መጥቶ የአዳሩን ከፈለ፤ ከዚያ ሌላው። እናቴ እንኳ አልተቃወመችም። ያን ቀን በአጎቴ ልጅ እጅ የገባው ገንዘብና በኋላ ባናውን የይምርሐነ ክርስቶስን መንገድ ለሚሠሩ ሠራተኞች የሸጥንበት ተጨምሮ ጋሸና ላይ አንዲት ክፍል ከፈተ።

አሁንም እዚያው ናት። በሩ ወደ መንገዱ ይከፈታል፤ ሹፌር ሁሉ በስሟ ያውቃታል። እኔ ነበርኩ የምሄደው፤ የሄደችው እሷ ናት፤ እኔ አንድ ክረምት አብሬያት ሰንብቼ እናቴ ስትታመም ተመለስኩና እዚሁ ለፈረንጅ መስቀል እየሸጥኩ አለሁ። አልተጸጸትኩም፤ እግሬ ግን አልሰማም። አማቷን ከዚያ ወዲህ አላየቻቸውም። ዘንድሮም ስደውልላት፣ ከግዳን ሰው ባለፈ ቁጥር እንደምትጠይቅ ነገረችኝ። አርፈዋል የሚል አለ፤ አላረፉም የሚልም አለ።

ያን ቀን ግን ስትከተላቸው አይቻለሁ። ብሩን እንደጨበጠች ከግቢው ወጣች፤ እኔም ከኋላዋ ወጣሁ። የአገሩ ወግ ነው፤ የምትወደው እንግዳ ሲሄድ ቢያንስ እስከ ወንዙ ትሸኘዋለህ። አሮጊቷ እያነከሱም ቢሆን ይፈጥናሉ። ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ደረሰችባቸውና ስንቁን ከጀርባቸው ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ እጃቸውን ወደ ጉንጯ አንስተው ነበር፤ ከመንገዱ ሰው ሲመጣ አዩና ሳይነኳት መለሱት።

«ገበያተኛ አይሸኝም» አሏት። «ተመለሽ፤ ዕቃሽን ጠብቂ።»